ባሕሩ ሐዘን በተቀመጠበት ሰሞን

ከናቩኒሳ መንደር ማዶ የቆመው ሆቴል ለእንግዶቹ በሚያድለው ባለ ቀለም ወረቀት ላይ፣ ሰው ሆኖ ተፈጥሮ ሳያያቸው ቢሞት ነፍሱ የምትኮነንባቸውን ነገሮች በጥንቃቄ አስፍሯል። ፏፏቴው አለ፤ ከጀልባ ላይ ሆኖ የጀምበርን መጥለቅ ማየት አለ፤ በሌላ አገር ጀምበር የማትጠልቅ ይመስል። እሳት የሚያሽከረክሩ ጎረምሶች ጭፈራም አለ። የሁሉ በኩር ግን ከመንደሩ ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ የሚገኘው፣ ኮራል የሚባል እንደ አበባ የሚያብብ የባሕር ድንጋይ የሞላበት አትክልት ስፍራ ነው። እንግዶቹ የዳክዬ እግር የመሰለ ጫማ አጥልቀው፣ የመተንፈሻ ቱቦ በጥርሳቸው ነክሰው፣ ጀርባቸውን ለሰማይ ሰጥተው ዓሣ ሲመለከቱ ይውላሉ። ዓሦቹም በበኩላቸው እንግዶቹን ይመለከታሉ፤ ማን በማን እንደሚደነቅ ፈጣሪ ይወቀው።

የሆቴሉ አስጎብኚ ቪሊማይና ይህን ሁሉ ለዓመታት በፈገግታ ስታሳይ ኖራለች። በዚያ ሰሞን ግን ፈገግታው አልታዘዝ አላት። የመንደሩ አለቃ የነበሩት አባቷ ዐርፈው ነበር። በፊጂ ደሴቶች ደግሞ አለቃ ሲሞት ባሕሩም እንደ ሰው ሐዘን ይቀመጣል። ጥቁር ጨርቅ የታሰረበት ረጅም እንጨት ከኮራሉ ዳር ይተከላል፤ ሐዘኑ የሚፈታበት የፍቺው ድግስ እስኪደገስ ድረስ በዚያ ውኃ ዓሣ አይጠመድም፣ አይዋኝበትም፣ ጀልባም አያልፍበትም። ቪሊማይና ለአባቷ ልታደርግላቸው የቀራት ክብር ይህ ብቻ ነበር፤ ያ እንጨት ያለ ቀኑ እንዳይነቀል ትፈልግ ነበር፤ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ክሌይተን ግን ሌላ ምኞት ነበረው።

«ቪሊ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር፤ ከልቤ ነው። ግን ዓሣው ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም። አሁን እያረፈ ነው።»

«ለማረፍ የመጡት እንግዶቼ ናቸው! ባሕር ዳር አስቀምጬ ባሕሩን አትንኩ ልበላቸው? ድግስ ቤት በር ላይ እንደታሰረ ውሻ?»

«ፏፏቴው አለ እኮ።»

«ፏፏቴውን ሁለቴ አይተውታል። ለሦስተኛ ጊዜ ስወስዳቸው አንዱ ‹ይሄ ውኃ ዛሬም ይወርዳል?› አለኝ።»

ክሌይተን ከአውስትራሊያ መጥቶ በደሴቱ ሦስት ዓመት ተቀምጧል፤ ስለዚህ ከተወላጆቹ ይልቅ ልማዱን የሚያውቅ እርሱ ነበር። ያንጎና የሚባለውን፣ ተወቅጦ በውኃ እየተበጠበጠ የሚጠጣውን ሥር ይዞ በሽማግሌዎች ፊት የቀረበና እጅ መንሻውን የተቀበሉት ሰው ከመንደሩ በር አይመለስም መባሉን ሰምቷል። በዚህ ዕውቀቱ ላይ ተደላድሎ አንድ ትልቅ የሥር ጥቅል ገዛ፤ እንግዶቹንም አሰለፈ።

«ንግግሩን እኔ አደርጋለሁ፤ አንቺ ተርጉሚልኝ» አላት። «እንደ ባዕድ አትዩን፣ ከመንደሩ ልጆች ቁጠሩን እላቸዋለሁ። ልጅ ከሆንን ባሕሩን ማን ይከለክለናል?»

ቪሊማይና ደነገጠች። በሐሰት መተርጎም አይሆንላት፤ እውነቱን ብትተረጉም ደግሞ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አጎቷ ለእንግዳ ሲሉ እንጨቱን ይነቅሉት ይሆን? ቢሆንም ሰውየውን ሳያውቅ ወደ ጉድጓድ መንዳት ነውር መስሎ ታያት።

«አቶ ክሌይተን፣ ይስሙኝ። አንዴ ከተቀበሏችሁ የመንደር ሰው ናችሁ። መንደሩን የሚያስረው ሁሉ እናንተንም ያስራል። ጨዋታ አይደለም።»

«ግሩም! እኔስ የምፈልገው ይህን አይደል?» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው። በመካከል የሟቹ ወንድም ሳይሩሲ ነበሩ። ክሌይተን ሥሩን አስቀምጦ ስለ ፍቅርና ስለ አንድ ቤተሰብነት ረጅም ስብከት ሰበከ፤ ዐሥር ዓመት ያገለገለ ዲያቆን እንኳ እንዲያ አይቀናውም። ቪሊማይና ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ አንድም ሳታጎድል ተረጎመች። ሳይሩሲ ወንድማቸው ይቀመጡበት የነበረውን ባዶ ቦታ ተመለከቱ። ከዚያ ሥሩን ዳስሰው እጃቸውን አጨበጨቡ። ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው።

«ተቀብለናችኋል» አሉ። «የአንድ መንደር ልጆች ናችሁ። የእኛ ደስታ ደስታችሁ፣ የእኛ ሐዘን ሐዘናችሁ ነው።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ክሌይተን ለቪሊማይና ዐይኑን ጠቀሳትና «እንግዲህ ባሕሩን ልንገባበት እንችላለን?» አለ።

ሳይሩሲ እንደ መደንገጥ አሉ። «ባሕሩን? አባታችሁ ሞተው? ልጄ፣ ባዕድ ብትሆን እንኳ ስለማታውቅ ይቅር እንልህ ነበር። አሁን ግን ልጃቸው ነህ፤ ልጅ በአባቱ ሐዘን ሲዋኝ የት አየህ?»

ቪሊማይና ይህን በተረጎመች ጊዜ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«አጎትሽን ንገሪያቸው፣ ይሄ... እኔ የልማድ ነገር መስሎኝ...»

«የልማድ ነገር ነው እኮ» አለችው።

የሆቴሉ ወጥ ሠሪዎች፣ ጀልባ ነጂዎችና አልጋ አንጣፊዎች ሁሉ የናቩኒሳ ልጆች ናቸው፤ ከጀርባው ቆመው እያንዳንዱን ቃል ይሰሙ ነበር። የሰጠውን ቃል ቢያፈርስ በማግስቱ ቁርሱን ራሱ እንደሚጠብስ ሥራ አስኪያጁ ያለ አስተርጓሚ ገባው። ባርኔጣውን አወለቀ።

ከዚያ ወዲያ ሥርዐቱ በፍጥነት ሄደ። ለእያንዳንዱ ጥቁር ጨርቅ ታደለው። ወንዶቹ ካሳቫ የሚባለውን ለምግብ የሚሆን ሥራሥር እንዲልጡ፣ ሴቶቹ ለፍቺው ድግስ የሚሆን ምንጣፍ በመጎንጎን እንዲያግዙ ተመደቡ። ውቅያኖስ አቋርጠው ዕረፍት ፍለጋ የመጡ ሰዎች ቤታቸው በነበሩ ጊዜ ለራሳቸው እናት እንኳ ያላዋሉትን ቀን ለማያውቁት አለቃ አዋሉ። አንድ ወጣት ለመዋኛ የገዛውን ቱቦ በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ካሳቫ ሲልጥ ታየ፤ የሐዘኑ ጥልቀት ሊያሰጥመው የፈራ ይመስል።

«እጅህ እንዴት ነው?» አለችው ቪሊማይና ክሌይተንን።

«ሁለቴ ቆረጥኩት።»

«አባቴ እንዲህ ሆነህ ቢያዩህ ይወዱህ ነበር። እሳቸውም መላጥ አይችሉም ነበር።»

ከምንጣፍ ጎንጓኞቹ መካከል ማርጆሪ የምትባል ጡረተኛ ቀና አለች። «አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ስትል ጠየቀች። ቪሊማይና መጸዳጃ ቤቱ የት ነው ከሚል ውጭ ከእንግዳ አፍ ጥያቄ ከሰማች ብዙ ጊዜዋ ነበር፤ ከማርጆሪ ጎን ተቀምጣ የምንጣፉን ሌላ ጫፍ ያዘች።

«ባሕር ይፈሩ ነበር» አለች። «ጀልባ ላይ ሲወጡ ሆዳቸው ይገለበጣል። ወደ ከተማ ሲሄዱ ባልዲ ይዘን ነው የምንሸኛቸው፤ አለቃ ናቸውና ባልዲውን በምንጣፍ እንሸፍነዋለን።»

በመጀመሪያ የሣቀው ክሌይተን ነበር። ሣቁ ተዛመተና ሁሉም ተከተለው።

«ዝም በሉ!» አሉ ሳይሩሲ። «ሐዘን ላይ ናችሁ!» ብለው በጨርቃቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ ሁሉም አየው። ቪሊማይና አባቷ ካረፉ ጊዜ ጀምሮ በሆቴሉ ፈገግታ ስር የቀበረችው እንባ ከሣቋ ጋር አብሮ ወረደ። ማርጆሪ የምንጣፉን ጫፍ ያዘችላትና ጉንጎናውን ቀጠሉ።