ጠላ የማይጠጡ ለቀስተኞች

«ለእኔ ይቅርብኝ» አሉ ጋሽ ውቤ፣ ብርጭቋቸውን በግራ መዳፋቸው ከድነው።

ፋንታዬ ጠላውን እንደያዘች ቆመች። ሐዘንተኛ ቁጭ ብላ ታልቅስ እንጂ አትቀዳም ቢሏትም እነዚህን እንግዶች ለሌላ ሰው አልተወችም። የሟች ባሏ የጥጋቡ ታላቅ ወንድም ጋሽ ውቤ ከአገር ሰዎች ጋር ከጎጃም ለሠልስቱ መድረሳቸው ነው። አዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈር በተተከለው ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት ሌሎቹ እንግዶችም ተራ በተራ ብርጭቋቸውን ከደኑ።

ፊቷ ጋለ። ጠላውን ከጠላ ሻጯ ከእቴቴ ቤት በጀሪካን ያስመጣችው «ከተሜዋ በደረቁ አስለቀሰችን» እንዳይሏት ነበር። ጥጋቡ መርካቶ ሠላሳ ዓመት ሲሸከም ኖሮ ስለ አገሩ ሲያወራ «እኛ ዘንድ ያለ ጠላ የሚለቀስለት ከብት ብቻ ነው» ይል ነበር።

ጓዳ ገብታ ዕቃ ታጥብ ለነበረችው ጎረቤቷ ለራዲያ ነገረቻት።

«ንቀውታል። ሰካራም ነበር ብለው ቂም ይዘውበታል።»

«ኧረ ተይ! እኔስ መቼ ጠላሽን ቀምሼ አውቃለሁ? ናቅኩሽ?»

«የአንቺ ሃይማኖት ነው።»

«የእነሱን ደግሞ ጠይቂያቸዋ! ከምትቃጠዪ።»

ጥጋቡ መጠጣቱን ይጠጣ ነበር፤ ሞተ ተብሎ አይዋሽለትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሲኒማ ራስ እያንጎራጎረ ሲመጣ ጫማውን የምታወልቅለት እሷ ነበረች። እጁን ግን አንስቶባት አያውቅም። ያልገባት አንድ ነገር ነው። ከእናቱ ለቅሶ ወዲህ አገሩን አልረገጠም። በየፋሲካው ከሸማ ተራ ለወንድሙ ጋቢ ይገዛል፤ «ዘንድሮስ እሄዳለሁ» ይላል፤ ከዚያ በሰው ይልከዋል። ታሞ ሲተኛ «ውቤ ይመጣ ይሆን?» ብሎ ጠይቋት መልሷን ሳይሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እሷም አሁን የምትፈልገው ያንኑ መልስ ነው።

ተመልሳ ፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ በድሎዎት ከሆነ ይንገሩኝ። ሞቷል እኮ።»

ጋሽ ውቤ ግራ መዳፋቸውን ከብርጭቋቸው ላይ አነሱ።

«አልናቅንሽም፣ እህቴ። እኛ አገር ለቅሶ ላይ መጠጥ ከቀረ ቆየ። እድሩ አግዶታል። መጀመሪያ ሽማግሌው ሁሉ አኩርፎ ነበር። አሁን አንዱ ደብቆ ቢያመጣ ሚስቱ ናት የምታጋልጠው።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከእናታችን ለቅሶ።»

አብረዋቸው የመጡት አቀረቀሩ። ጋሽ ውቤ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡ። ሁለት ጣት የለውም።

«ጥጋቡ ከተሜ ነኝ ብሎ ለለቀስተኛው አረቄ ይዞ መጣ። እሱም ጠጣ፣ እኔም ጠጣሁ። በእናታችን መሬት ተጣላን፤ ማጭድ አነሳ። ሲነጋ ያደረገውን አያስታውስም ነበር። እጄን ሲያይ ጮኸ፣ በዚያው ሄደ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ና፣ ትቼዋለሁ እያልኩ ስንቴ ላክሁበት! እሱ ጋቢ ብቻ ይልክልኛል።»

ፋንታዬ ያን ጊዜ አለቀሰች። ሰው ሲመጣ እንደሚለቀሰው አልነበረም፤ ድምፅ አልነበረውም። ይቅር ያለውን ወንድሙን ሲፈራ ኖሮ ሞተ፣ ወይኔ ባሌን!

ራዲያ ብርጭቆዎቹን አነሳችና ለምሳ የእጅ ውሃ ይዛ መጣች። ፋንታዬ ማስታጠቢያውን ተቀበለቻት። ጋሽ ውቤ እንደ ልማዳቸው ግራቸውን ሊያስቀድሙ ሲሉ ቀኛቸውን ይዛ ወደ ሳፋው አመጣችው። በቀሩት ጣቶች ላይ ውሃውን ቀስ እያለች አፈሰሰች። እጁ ከጠራ በኋላም አላቆመችም፤ እሳቸውም በቃ አላሏትም።