የአጥፊዎች መዝገበ ቃላት

እንደዚያ ያለ መዝገበ ቃላት ሌላ ቦታ አገኛለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ካለ ጫማውን ባይጨርስ ይሻለዋል። ሽፋኑ በግራሶ ቅባት የጠቆረ፣ ጀርባው በሽቦ የተሰፋ ወፍራም ደብተር ነው። ሁለት መቶ አሥራ አንድ የሳይንስ፣ የሒሳብና የምህንድስና ቃላት ከነትርጉማቸው ሰፍረውበታል። ታዲያ በፊደል ተራ አይደለም፤ በጥፋት ተራ ነው።

ሕጉን ያወጡት አለቃ ነበሩ፣ የቶርኖ ክፍሉ የቀድሞ ኃላፊ። ቶርኖ መቼም ብረትን እያሽከረከረ የሚልጥና የሚያለሰልስ ማሽን ነው። እሳቸው ቤት ሥራ ያበላሸ ሰው አይሰደብም፣ አይቀጣም። ያልገባው ነገር ስሙ ምን እንደሆነ ይፈልግና ትርጉሙን በገዛ እጁ መዝገቡ ላይ ጽፎ ይፈርማል። ከዚያ ለወርክሾፑ ዘበኛ ይነበባል። ዘበኛው «ገብቶኛል» ካላለ ይሰረዛል፣ እንደገና ይጻፋል። ዘበኛው ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚገባው ሰው እንዳይመስላችሁ! አንዳንዱን ምስኪን አምስት ጊዜ አስጽፎታል።

የወርክሾፑ የመጨረሻ ሳምንት ነበር። ማሽኖቹ ወደ አዲሱ ሕንፃ ሊሄዱ ከወለሉ ተፈትተዋል፣ ግድግዳው ላይ መፍቻዎቹ ይሰቀሉበት የነበረው ቦታ ብቻ ነጣ ነጣ ብሎ ይታያል። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የመጣች ወጣት መምህርት መዝገቡን አሳትማ ለተማሪዎቿ ልታድል ነውና ከሚሊ ጋር ገጽ በገጽ እያነበቡ ነበር። ሚሊ የዛሬዋ የክፍሉ ኃላፊ ናት። ስሙ የወጣላት ርቀትን ሁሉ በሚሊ ሜትር ስለምትናገር ነው። ቤቷን የጠየቃትን ሰው «ቅርብ ነው፣ ስምንት መቶ ሺህ ሚሊ ብትሄድ ነው» ትለዋለች፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ።

«ሰበቃ» ስትል አነበበች መምህርቷ። «ሁለት ነገሮች ሲተሻሹ አልሄድም አልሄድም የሚባባሉት። አስታራቂያቸው ዘይት ነው። ዘይት ረሳሁ።»

«ብየዳ ሠራተኛው ነው!» አለች ሚሊ እየሳቀች። «ነፍሱን ይማረው፣ ዘይት ብቻ መሰለሽ የሚረሳው? አንድ ቀን በሁለት የተለያየ ጫማ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ያወቀለት የለም።»

«የክብ ዙሪያ። ክቡ መሐል ለመሐል ስንት እንደሆነ ለክተህ ሦስት ጊዜ ከትንሽ ታደርገዋለህ። ትንሿን ናቅኋትና ቀበቶው አጠረ።» መምህርቷ በሳቅ ፈረሰች። «አሃድ። ቁጥር ብቻውን ምንም አይደለም። ሃያ ቱቦ ማለቴ ነበር፣ ሃያ ብቻ ብዬ ጻፍኩ። ሃያ ሜትር አንድ ቱቦ መጣ። በበሩ አልገባም።»

ሚሊ እንባዋን በቱታዋ እጅጌ ጠረገች፤ የሳቅ ይሁን የሌላ እሷም አልለየችውም። በየገጹ አንድ ሰው አለ። ከፊሉ ጡረታ ወጥቷል፣ ከፊሉ አፈር ለብሷል፣ ከፊሉ የት እንደገባ አይታወቅም። እጅ ጽሑፋቸውን ስታይ ግን አንድ በአንድ ድምፃቸው ይሰማታል። ያ ሁሉ ጫጫታ፣ ያ ሁሉ መፎጋገር የት ገባ? ናፈቋት፣ ክፉኛ ናፈቋት።

«እትዬ ሚሊ፣ አንድ ቃል ግን አጣሁ» አለች መምህርቷ ወደ ኋላ ወደ ፊት እየገለጠች። «የሙቀት መስፋፋት። ብረት ሲሞቅ መጠኑ እንደሚጨምር። አርባ ዓመት ሙሉ ብረት ስትልጡ ትኩሱን የለካ አንድ ሰው የለም? ጉድ እኮ ነው! እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ወርክሾፕ በሕይወቴ አላየሁም።»

ሚሊ ሳቋን ዋጠችው። «ነገ ይመጣልሻል» አለች፣ መዝገቡንም አንስታ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት ሚሊ በቶርኖ ክፍሉ የመጀመሪያዋ ሴት ሠልጣኝ ነበረች። የሦስት ወር ሙከራዋ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል። የውሃ ፓምፕ ተሰብሮ ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ሲጠብቅ፣ አለቃ ለፓምፑ ሰማንያ ሚሊ ውፍረት ያለው ዘንግ ይልጡ ነበር። እጃቸው ላይ ወፍራም የቆዳ ጓንት አጥልቀዋል። የመጨረሻውን ልጠት ከመጀመራቸው በፊት «ቀዝቅዟል?» ብለው ጠየቋት። በባዶ እጇ ነካችው። ያቃጥላል። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ በራፉ ላይ ቆሟል፤ ሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው። ይቆይ ብትል «ሴትዮዋ አጓተተችን» የሚሏት መሰላት። «አዎ፣ ጋሼ» አለች።

እሳቸውም ለኩ፣ ላጡ፣ ጨረሱ። በማግስቱ ዘንጉ ሲለካ በአራት መቶኛ ሚሊ፣ ማለትም በዜሮ ነጥብ ዜሮ አራት፣ ቀጥኖ ተገኘ። አራት መቶኛ ሚሊ ለእናንተ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ዘንጉ ግን በሚሽከረከርበት ቀለበት፣ በኩሽኔታው ውስጥ ላላ፣ ተጣለ። አለቃ እንደገና ጠየቋት፣ «ትናንት ስለካው ቀዝቅዞ ነበር?» እንደገና «አዎ» አለች። ያን ጊዜ አለቃ መዝገቡን አውጥተው «ንባብ» ብለው ጻፉ። «ዓይን ከመለኪያ ላይ የሚያነሳው ቁጥር። ዓይን ሲደክም ቁጥሩም አይታመንም።» ፈረሙ። ከዚያ በሦስተኛው ወር ዓይኔ አይታመንም ብለው ቶርኗቸውን ለሚሊ አስረክበው ዕቃ ግምጃ ቤት ገቡ፣ ብሎን ሊያድሉ።

ሚሊ ይህን ሁሉ ዓመት የምታስበው አንድ ነገር ነው። እንዲህ ያለ አዋቂ ሰው ነገሩ ሳይገባው አይቀርም፤ እኔን ሊሸፍነኝ ብሎ ጥፋቱን በራሱ ላይ ጻፈ ትላለች። ምስጢሩ የሁለታቸው መስሏት ኖረች። እንዲያውም ትወደው ነበር፣ ያን ምስጢር። ዛሬ መምህርቷ ስሙን ስትጠራው ሚሊ ቆረጠች። አሁን ማን ያባርረኛል? ላመስግናቸው፣ ስማቸውም በውሸት ጥፋት አይታተም።

ብርቱካን ገዝታ ከሰዓት በኋላ አለቃ ቤት ደረሰች። ልጃቸው አስገብታት ወደ ጓዳ ሄደች። አለቃ ሰማንያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፣ መስኮት ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። አሁንስ ዓይናቸው እውነትም ደክሟል፤ ያወቋት በእርምጃዋ ነው።

«ሚሊ! ስንት ሚሊ ተጉዘሽ መጣሽ?»

ሳቀች፣ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ከዚያ ነገሩን አወጣችው። «ጋሼ፣ ያን የፓምፑን ዘንግ እንዲያው ሳላመሰግንዎት ኖርኩ። ትኩስ መሆኑን እያወቁ ለእኔ ብለው…»

«ምኑ ነው ትኩስ?»

ሚሊ ቀና ብላ አየቻቸው። አያውቁም ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አያውቁም ነበር!

«ዘንጉ» አለች። «አልቀዘቀዘም ነበር። ያቃጥል ነበር። ሁለቴ ጠይቀውኝ ሁለቴ ዋሸሁዎት።»

የአለቃ ጣቶች ጉልበታቸው ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ሒሳብ እየሠሩ ነበር። «ሰማንያ ሚሊ… አርባ ዲግሪ ያህል ቢሞቅ… አራት መቶኛ» አሉ ቀስ ብለው። «ልክ ነው። ልክ ይመጣል።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ። «እንግዲያ ዓይኔ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር፣ ጋሼ።»

«አንቺ ቀዝቅዟል ካልሽኝ ሌላ ምን ልጠርጥር? የቀረኝ ዓይኔ ነበር። እሱን ጠረጠርኩ።» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ስድስት ዓመት ይቀረኝ ነበር እኮ! ስድስት ዓመት ሙሉ በዕቃ ቤቱ መስኮት ማሽኔን ሳዳምጥ ዋልኩ። አንቺ ስትሠሪበት ድምፁ ያምራል፣ ጥሩ እጅ ላይ ጥዬው ሄድኩ እያልኩ እጽናና ነበር። ምን አደረግሽኝ፣ ልጄ?»

ሚሊ አለቀሰች። ይቅርታ ጠየቀች፣ ደገመች። አለቃ ይቅር ብዬሻለሁም አላሉ፣ ውጪልኝም አላሉ። ሲቆይ ግን እጃቸውን ዘረጉ። «መዝገቡ አለ?»

«አለ።»

«ጻፊ።»

ጻፈች፣ አነበበችላቸው። «የሙቀት መስፋፋት። የብረት ቅንጣቶች የሙቀት ኃይል ሲያገኙ…»

«ይሄ ለዘበኛው ይገባዋል? ሰርዢ!»

ሰረዘች። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አስጻፏት። በአራተኛው እንዲህ ሆነ፦ «ብረት ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሟሽሻል። ትኩሱን የለካ ሰው ያበጠውን ነው የለካው። ትኩስ መሆኑን አውቄ ቀዝቅዟል አልኩ።»

«አሁን ገባኝ» አሉ አለቃ። «ፈርሚ። ቀኑንም ጻፊ።»

«የዛሬውን?»

«የዛሬው ምን ያደርግልናል? የዚያን ቀን።»

ሚሊ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። ዘንጉን ታስታውሳለች፣ ሙቀቱን ታስታውሳለች፣ ቀኑን ግን አታስታውሰውም። «ጠፋኝ፣ ጋሼ» አለች።

አለቃ ለአፍታ እንኳ አላሰቡም። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን አከታትለው ነገሯት። «ረቡዕ ነበር» አሉ ቀጥለው፣ «ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል።»