ሁለት ሱሪ ከነኪሱ

«ሁለት ደቂቃ ነው ያልካት? ሁለት ደቂቃ!» ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «አንተ ሰው፣ እግዜርን አትፈራም?»

ባሏ የስፌት ቤቱ በር ላይ ተገትሮ ቀረ። የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል፣ ሚስቱ ስትቆጣ ግን የሚገባበት ይጠፋዋል። በአንድ እጁ የስድስት ዓመት ልጃቸውን፣ በሌላው የታጠፈ ወረቀት ይዟል። ልጅቱን አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ፌንጣ ይሏታል። የዚያን ቀን ግን ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ አባቷ ጀርባ ተለጥፋ ነበር።

«ምን ልበላት ታዲያ?» አለ። «ልጅ አይደለች? እንዳትፈራ ብዬ ነዋ።»

«እንዳትፈራ! እሰይ! እንዴት ያለ ድፍረት አስታጠቅካት እባክህ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌንጣን ከሁለት ወር ወዲህ ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማታል፤ ቁርሷን ሳትቀምስ ያስመልሳታል። ቆይቶ ግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ መሸሽ ጀመረ። ሐኪሙ ጭንቅላቷ ውስጥ የሚጫናት ነገር መኖር አለመኖሩን ለማየት ኤምአርአይ አዘዘ። ይህ ማሽን ደግሞ አመለኛ ነው፤ አርባ ደቂቃ ሙሉ እንደ ግንድ ካልተጋደሙለት ምስሉን ያበላሸዋል። ትንንሽ ልጆችን በማደንዘዣ አስተኝተው ነው የሚያስገቡት፤ የፌንጣ ደረት ግን ብርድ በነካው ቁጥር ስለሚያፍናት ሐኪሙ ማደንዘዣውን ፈራው። ስለዚህ ነቅታ፣ ሳትነቃነቅ መተኛት አለባት። ፌንጣ! ሳትነቃነቅ!

የቀጠሮው ቀን እናትየው የተማሪዎች ዩኒፎርም ማስረከቢያ ደርሶባት ባሏን ላከችው። እሱም ዋሸ። ሾፌር መቼም ተሳፋሪ በጮኸ ቁጥር «ደርሰናል፣ ደርሰናል» ማለት ልማዱ ነው፤ ገና ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ደርሰናል ይላል። ልጁንም እንደ ተሳፋሪ ቆጠራትና «ሁለት ደቂቃ ብቻ» ብሎ አስገባት። ፌንጣ ደግሞ እስከ ስድሳ መቁጠር ታውቃለች። ሁለቴ ቆጠረች። ማሽኑ አላቆመም። ያኔ አባቷ እንደዋሻት ገባት፤ ከዋሻት ደግሞ አያምም ያለውም፣ ትወጫለሽ ያለውም ውሸት ነው ማለት ነው። ጩኸቷን ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳት!

እናትየው ወረቀቱን ነጥቃ ገለጠችው። ከታች በእጅ ጽሑፍ «ታካሚዋ አልተባበረችም» ይላል።

ደሟ ፈላ። «አልተባበረችም? እናንተ ዋሽታችሁ አስገብታችኋት፣ አጥፊዋ እሷ ሆነች? የማታፍሩ!»

«ቀስ በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

«ትስማ! አንድ ሰው እንኳ እውነት ሲናገር ትስማ!»

ሾፌሩ መሬት መሬት እያየ የቀረውን ተናገረ። ለሦስት ሳምንት ቀጥረዋቸዋል። ያም ካልተሳካ የግድ በማደንዘዣ ይሆናል፤ የማደንዘዣው ወረፋ ደግሞ አራት ወር ነው። ሐኪሙ ዓይኗ አራት ወር እንደማይጠብቅ፣ እስከዚያ ሊጠፋ እንደሚችል ነግሮታል።

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል። ልብስ ሰፊዋ ያን ሌሊት አልተኛችም፤ ባሏን ስትረግም፣ ሆስፒታሉን ስትረግም፣ ለዩኒፎርም ብላ ልጇን የላከች ራሷን ስትረግም ነጋ።

ጠዋት ፌንጣን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ስሚኝ። አባትሽ ዋሽቶሻል። ሁለት ደቂቃ አይደለም፣ አርባ ነው።»

«አርባ ስንት ነው?»

«ጂንስ ሱሪ ስሰፋ ታዪኝ የለ? አንዱ ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኛል። አርባ ማለት ሁለት ሱሪ ነው።»

«ያማል?»

«አያምም። ግን ይጮሃል፤ ከጂንስ ማሽኑ የባሰ ይጮሃል። ጠባብ ነው። ፊትሽ ላይ እንደ አጥር ያለ ነገር ይደፉብሻል። የሚያስጠላ ነገር ነው፣ አልዋሽሽም።»

«ታዲያ ለምን እገባለሁ?»

«ዓይንሽ ለምን እንደሚሸሽ እንዲያዩ። ካላዩ አያድኑትም።»

ፌንጣ እግሯን እያወዛወዘች አሰበችበት። «አንቺ ትኖሪያለሽ?»

«እኖራለሁ። እግርሽን ይዤ፣ እስኪያልቅ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው ሥር ልምምድ ሆነ። ግራና ቀኙን በካርቶን ከለሉት። ፌንጣ በጀርባዋ ትተኛለች፤ የፓስታ ማጥለያ ፊቷ ላይ ይደፋል፤ እናትየው የስፌት ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ ጭና ወፍራም ጂንስ ትሰፋለች። ጠረጴዛው ከነካርቶኑ ይንቀጠቀጣል። ቀኝ እግሯ ፔዳሉ ላይ ነው፤ የግራ ጫማዋን አውልቃ የልጅቱ ቅልጥም ላይ ጣል ታደርጋለች፣ አለሁልሽ ለማለት። የመጀመሪያው ቀን ፌንጣ አንድ ኪስ ተሰፍቶ እስኪያልቅ አልቆየችም።

«አፍንጫዬን በላኝ!»

«ይብላሽ! አፍንጫ በልቶት የሞተ ሰው የለም። እንደገና!»

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሱሪ ሞላች። በዚያው ሰሞን ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች ደንበኛ ጎንበስ ብላ አየችና ከንፈሯን መጠጠች። «ምነው ልጅቷን እንዲህ ማስጨነቅ? ፎቶ ነው ብለሽ ውሰጃት። ልጅ ምን ያውቃል?»

ልብስ ሰፊዋ ያመጣችውን ቀሚስ ጠቅልላ እቅፏ ላይ ወረወረችላት። «ሌላ ሰፊ ፈልጊ። ሲሰፋልሽም ሁለት ደቂቃ ነው ይበልሽ፣ ዓመት ጠብቂ!»

ሾፌሩ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ ያያል። አንድ ቀን «እኔም ላግዝ?» ብሎ ነበር። «አንተ ደርሰናል ባይ፣ እዚያው ፌርማታህ ላይ ቁም» አለችው። ቆመ።

ቀጠሮው አንድ ቀን ሲቀረው ፌንጣ ሁለት ሱሪ ሙሉ ተኛች። ማጥለያው ፊቷ ላይ መስመር አትሞበት ወጣችና «አይገርምም?» አለች። እናትየው እንዳታለቅስ ብላ ተቆጣቻት።

በቀጠሮው ዕለት፣ ማሽኑ ክፍል ብረት ይዞ መግባት አይቻልምና፣ ልብስ ሰፊዋ ራሷ የሰፋችውን ቁልፍም ዚፕም የሌለው፣ በጨርቅ የሚታሰር ቀሚስ ለበሰች። ጉትቻዋን፣ የፀጉር መያዣዋን አወለቀች፤ አልወጣ ያለ ቀለበቷን በሳሙና አወጣችው። ባሏን «ኮሪደር ላይ ትቀመጣለህ፣ አፍህንም ትዘጋለህ» ብላ አስከተለችው።

የማሽኑ ባለሙያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ገና ሰላም ሳይላት ያንን ወረቀት አፍንጫው ሥር ዘረጋችለት። «ይህን ማነው የጻፈው?»

«እኔ አይደለሁም፣ እናት። የዚያን ቀን ተረኛው ሌላ ነበር።»

«ዛሬ አንተ ነህ። ዛሬ የምትጽፈውን አያለሁ።»

ፌንጣ የሆስፒታሉን ጋውን ለብሳ፣ የጆሮ መድፈኛዋን በእጇ ጨብጣ ተዘጋጀች። የቀረው ለአስታማሚ የሚሞላ ቅጽ ነው። ባለሙያው ይጠይቃል፣ ልብስ ሰፊዋ ትመልሳለች።

«ልብዎ ላይ የተተከለ መሣሪያ?»

«የለም።»

«በቀዶ ሕክምና የገባ ብረት?»

«የለም።»

«ሰውነትዎ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ? ስንጥር፣ መርፌ?»

«የለም» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ግን አልወጣም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጂንስ ስትሰፋ መርፌ አመልካች ጣቷ ውስጥ ተሰብሮባት ነበር። ብዙው ወጣ፣ ጫፉ እዚያው ቀረ። ሲበርድ ይጠዘጥዛታል እንጂ ትዝም አይላት። የስፌት ሰው እንዲህ ያለውን ከገላው ይቆጥረዋል እንጂ ብረት ነው ብሎ አያስበውም። ወይኔ ጉዷ! ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰው አፍ ስትጠብቅ የራሷን ጣት ረሳች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ።

ፌንጣ ግን አልረሳችም። ያችን ጠጣር ነገር በጣቷ እየተጫነች ስትጫወትባት ነው ያደገችው። የእናቷን ቀሚስ ጎተት አደረገችና በሹክሹክታ «እማ፣ አትንገሪው» አለች። «ይከለክልሻል።»

ባለሙያው እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። አንዲት ቃል ናት፤ «የለም» ብትል ትገባለች፣ እግሯን ትይዛለች፣ ቃሏን ትጠብቃለች። ጣት ናት፣ ምን ታመጣለች? ልጇን አየቻት። ፌንጣ ዓይኗን አፍጣ፣ አንዱ ወደ አፍንጫዋ እየሸሸ፣ እናቷ ስትዋሽ ለመስማት ተዘጋጅታለች።

«አለ» አለች ልብስ ሰፊዋ በንዴት። «መርፌ አለ። እዚህ።»

ባለሙያው ጣቷን አየና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲያው መግባት አይችሉም። ማግኔቱ ይስበዋል።»

«ይሳበዋ! ጣቴ ነው፣ የራሴ ጣት! ከፈለገ ቆርጦ ይውሰደው!»

«እናት፣ አይሆንም።»

«እግሬን እይዛለሁ ብለሽ ነበር!» ፌንጣ ጮኸች። «ዋሸሽኝ! አንቺም ዋሸሽኝ!»

ልብስ ሰፊዋ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች። «ረስቼው ነው። ግን ቃሌን አፍርሻለሁ። ተቆጪኝ፣ መብትሽ ነው።»

ፌንጣ ትከሻዋን በቡጢ መታቻት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ደከማትና «ማን ይይዘኛል ታዲያ?» አለች።

ኮሪደሩ ውስጥ ሾፌሩ ተነሳ። በአንድ እጁ ሱሪውን ወደ ላይ ይዞታል፤ ቀበቶውን፣ ሰዓቱን፣ ቁልፎቹን ሁሉ ማንም ሳይነግረው አውልቆ አግዳሚው ላይ ደርድሯል። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ለክፉም ለደጉም ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። ሚስቱ ከአግዳሚው እስከ ሱሪው አየችው።

ፌንጣ ቀደመቻት። «ስንት ደቂቃ ነው?» አለችው ፊቷን አጥቁራ።

«ትን...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። «አርባ። ከመነሻው ተነስቼ ድልድዩ ድረስ ሄጄ እስክመለስ ነው። ሃያ ሁለት ፌርማታ አለው። ብዙ ነው። ባለፈው ዋሽቼሻለሁ።»

«ይጮሃል?»

«በጣም። እኔንም አስፈርቶኛል።»

ልጅቱ እጇን ሰጠችው። «ፌርማታ በደረስክ ቁጥር እግሬን ጫን አድርገው። እንዳትዘል።»

ባለሙያው ሾፌሩንም በዚያው ቅጽ አንድ በአንድ ጠየቀው፤ ምንም አልተገኘበትም። ከባዱ በር ተዘጋባቸው።

ልብስ ሰፊዋ አግዳሚው ላይ ከባሏ ቀበቶ አጠገብ ተቀመጠች። ድብደባው ግድግዳውን አልፎ መጣ፤ ኳ ኳ ኳ፣ ከዚያ እንደ ደወል፣ ከዚያ እንደገና ኳ ኳ ኳ። ቀኝ እግሯ የሌለ ፔዳል ይረግጣል። ኪስ ሰፋች፣ ጎን ገጠመች፣ ወገብ አዞረች። አንድ ሱሪ። ጣቷን በጥርሷ ነከሰችው፤ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብለህ ኖረህ ዛሬ ትመጣብኛለህ? ሁለተኛውን ጀመረች። ታፋ፣ ዚፕ፣ ጠርዝ። ሁለት ሱሪ አለቀ።

በሩ አልተከፈተም።

ተነቃነቀች ማለት ነው፤ ከመጀመሪያ ሊጀምሩ ነው፣ ልጄ ልትጮህ ነው። ተነስታ በሩን በቡጢ ልትመታ እጇን ስታነሳ ድምፁ ቆመ።

ፌንጣ ከአባቷ ቀድማ ወጣች። ፊቷ በቁጣ ቀልቷል። «ሁለት ሱሪ አይደለም! ሁለት ሱሪ ከነኪሱ ነው! ኪሱን አልነገርሽኝም!»

«አርባ አምስት ደቂቃ ሆነ» አለ ባለሙያው ከኋላ። «አንድ ምስል ጨመርን። ግን አንዴም አልተነቃነቀችም፤ ጥርት ብሎ ወጥቷል።»

«ጻፈው» አለችው ልብስ ሰፊዋ። ወረቀቱን ገፋችለት። «አሁን፣ እያየሁህ።»

«ታካሚዋ ተባብራለች» ብሎ ጻፈ። ሾፌሩ ግድግዳውን ተደግፎ ላቡን ይጠርጋል፤ ሃያ አምስት ፌርማታ ነድቷል።

ፌንጣ ባለሙያውን አንጋጣ አየችው። «አያችሁት? ምንድን ነው ራሴ ውስጥ ያለው?»

«እሱን ሐኪሙ ሐሙስ ይነግራችኋል» አለ ባለሙያው፤ ዓይኑን ግን ከወረቀቱ አላነሳም። ልብስ ሰፊዋ ይህን አየች። ሾፌሩም አየ፤ ቀበቶውን ፍለጋ ዞረ።

ልጅቱ ፊቷን ወደ እናቷ መለሰች። «እማ?»

«ምንም የለም» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጥቶ ተቀምጦ ነበር። ማንም ሳያስተምራት፣ ማንም ሳያቀብላት መጣ። ሁለት ደቂቃ የሚባለው ነገር ከየት እንደሚወለድ ያኔ ገባት፤ መግባቱ ራሱ አናደዳት። ዋጠችው።

«አላውቅም» አለች። «ሐሙስ ነው የምንሰማው። እኔም ፈርቻለሁ።»

«ስትሰሚ ትነግሪኛለሽ?»

«እነግርሻለሁ።»

«ከነኪሱ?»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ የልጇን ባዶ እግር፣ አባቷ ሲጫነው የቀላውን፣ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ከነኪሱ።»