የጉንዳኖቹ መሻገሪያ

ሥራዋ ጉንዳን መቁጠር ነው። ለደን ምርምር ጣቢያው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቆጥራለች። ሰፈሩ በሙሉ «ወይዘሮ ጉንዳን» ይላታል፤ መጀመሪያ ሰሞን ያበሳጫት ነበር፣ እያደር ግን ራሷም ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ ጉንዳን ነኝ» ማለት ጀመረች። በየወሩ ደኑ ውስጥ ምልክት የተደረገባቸውን ሠላሳ ቦታዎች ትዞራለች። በእያንዳንዱ ቦታ ማር ጠብ የተደረገበት ካርቶን መሬት ላይ ታኖርና ግማሽ ሰዓት ቁጢጥ ብላ የመጣውን ሁሉ ትመዘግባለች።

አብልጣ የምትወዳቸው በወደቀ ግንድ ውስጥ የሚኖሩትን ጥቋቁሮቹን ነው። እነሱ ጥላና እርጥበት ካላገኙ አይሆንላቸውም። ዘር እየጎተቱ ቤታቸው ያስገባሉ፤ ከላዩ ያለችውን ለስላሳ ነገር ይበሉና ፍሬውን አፈር ውስጥ ይተዉታል። ከደኑ ሥር የሚበቅለው አበባና ቅጠል ብዙው የእነሱ እጅ ሥራ ነው።

አዲሷ የጣቢያው ኃላፊ ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ወር ቢሮ አስጠራቻት። ልጅ እግር ናት፣ ትሑትም ናት፣ ግን መዝገቡን ዘርግታ ግንባሯን ቋጥራ ነበር።

«እዚህ ጋ፣ ታችኛው ደን ያለው አንዱ ቦታ ላይ፣ ጥቋቁሮቹ ከአራት ዓመት በፊት ሁለት መቶ አሥር ይላል። ዘንድሮ ዘጠኝ» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እውነት ቦታው ድረስ ሄደው ነው?»

ወይዘሮ ጉንዳን ደሟ ፈላ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጉልበቷን የጨረሰችበት ሥራ!

«ነገ ጠንከር ያለ ጫማ ያድርጉና አብረን እንውጣ» አለቻት።

በማግስቱ ታችኛው ደን ገቡ። ዝናቡ ሦስት ዓመት በተከታታይ ስላነሰ ትልልቆቹ ዛፎች ያለጊዜያቸው ቅጠላቸውን አራግፈዋል፤ ድሮ ጨለም የሚለው መሬት ላይ ፀሐይ ተንሰራፍታበታለች። ወይዘሮ ጉንዳን የሙቀት መለኪያዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ አርባ ስድስት ዲግሪ አለ። አንድ ግንድ በእግሯ ነካ ስታደርገው እንደ ደረቅ ብስኩት ተፈረፈረ። ውስጡ ባዶ ነው።

«ልክ ነበሩ» አለች ኃላፊዋ አንገቷን ደፍታ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ይሁን፣ አሁን ያንን ተዪው» አለቻት፤ አንቱታው መቼ እንደቀረ ሁለቱም ልብ አላሉም። የወይዘሮ ጉንዳን ዐይን መሬቱ ላይ ቀርቶ ነበርና። ቀጭን ጥቁር መስመር በጥላ በጥላ እያለ ሽቅብ ይወጣል። እያንዳንዷ ጉንዳን የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር በአፏ ይዛለች።

«ልጆቻቸው ናቸው» አለች ወይዘሮ ጉንዳን ጎንበስ ብላ። «ቤት እየለቀቁ ነው! ላይኛው ደን ጉም ስለሚወርድበት ይቀዘቅዛል።»

መስመሩን ተከትለው ሲወጡ አሮጌው መንገድ ላይ ደረሱ። ድሮ እንጨት የጫኑ መኪኖች የሚመላለሱበት ነበር፤ አሁን ማንም አያልፍበትም። ስፋቱ አሥራ አምስት እርምጃ ነው፣ ጠጠሩ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ጉንዳኖቹ ዳር ላይ ተከማችተው ይተራመሳሉ። የደፈሩት ገና መሐል ሳይደርሱ እግራቸው ይኮማተራል።

«በዕቃ አድርገን ብናሻግራቸውስ?» አለች ኃላፊዋ።

«ንግሥቲቱን አናገኛትም፤ ያለ እሷ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። መንገድ ነው የሚፈልጉት። ጥላ ያለው።»

የወይዘሮ ጉንዳን ታናሽ ወንድም፣ ለሰደድ እሳት እንዳይመች ተብሎ የወደቀ ግንድ ከደኑ የሚያወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። እዚያው ደወለችለት።

«እትዬ፣ ፀሐይ መታሽ እንዴ?» አለ። «ለጉንዳን ድልድይ? እኔ ለሰው ድልድይ አሠሩልን ብዬ ስጮኽ አምስት ዓመቴ!»

ቢስቅም መጣ። በአቅራቢያው ካለው ወንዝ ዳር እርጥብ፣ ወፋፍራም ግንዶች መርጠው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር እንዲያቋርጡ በሦስት ረድፍ አጋደሟቸው። ሥሩን አፈርና የራሰ ቅጠል ጎሰጎሱበት። ኃላፊዋ እጅጌዋን ሰብስባ ስትገፋ ዋለች።

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም። በሁለተኛው ሙቀት የሚወዱ ደቃቅ ቀይ ጉንዳኖች አንደኛውን ረድፍ ወረሱት። ወይዘሮ ጉንዳን እህል አልበላ አላት። «የለፋነው ለሌላ ሆነ» አለች ለወንድሟ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ! ንግሥት የምትባለዋ ምን ትመስላለች?»

«ምን ልትል ነው?»

«አንዲት ወይዘሮ በአጃቢ ተከባ እየመጣች ነው። ሆዷ ይህን ያህላል! ኧረ ድረሺ!»

ስትደርስ ወንድሟን ሁለተኛው ረድፍ አጠገብ በሆዱ ተኝቶ አገኘችው፤ ሸሚዙ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ትልቋ ንግሥት በሠራተኞቿ መሐል ከግንዱ ሥር ባለው ጥላ እየተጎተተች አለፈች፤ ከማዶ ባለው እርጥብ ግንድ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ተሰወረች። ወይዘሮ ጉንዳን እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«አሁን ምን ያስለቅሳል?» አለ ወንድሟ የራሱን ዐይን እየጠረገ።

በዚያ ዓመት ከምታውቃቸው ዘጠኝ የጥቋቁሮቹ ቤተሰቦች አራቱ ተሻገሩ። አምስቱ አልተገኙም፤ ታችኛው ደንም እንደ ድሮው አልሆነም። ኃላፊዋ ግን የወደቀ ግንድ ከመንገዱ ማዶ እንዳይነሳ አስወሰነች፣ ላይኛው ደን ላይም አሥር አዳዲስ መቁጠሪያ ቦታዎች ተከፈቱ። ከክረምቱ በኋላ በአንደኛው ቦታ፣ ከግንዱ አጠገብ፣ ታችኛው ደን ብቻ የሚታወቀው ወይን ጠጅ አበባ ሰባት ቦታ በቅሎ አገኙት። ዘሩን ማንም ሰው አልወሰደውም።

ከዚያ በኋላ ሦስቱ ከወንዙ ባሻገር ያለውን ሌላ አሮጌ መንገድ ለማየት ሄዱ። ወንድሟ በእርምጃው ለካው።

«ይሄኛው ሃያ ሁለት እርምጃ ነው» አለ። «ብዙ ግንድ ነው የሚፈልገው። ሰኞ በጠዋት እንጀምር?»