የፊሎሜን ሩዝ

በካዛማንስ መንደሮች የላንዲንግን ጀርባ መሬት ያስነካ ታጋይ አልተገኘም። ምላሱን ያሳረፈም አልተገኘም። ሴቶች ሲታገሉ ባየ ቁጥር፣ «የእናንተ ለመንደር በዓል ነው፤ ባሕር ማዶውን ለእኛ ተዉት። ከሄዳችሁም ባንዲራ ትይዛላችሁ» እያለ ይስቅ ነበር።

ዘንድሮ ታዲያ ከዋና ከተማው ከዳካር የትግል ፌዴሬሽኑ ቁርጥ ውሳኔ መጣ። ወደ አህጉሩ ጨዋታ የሚሄዱት ሴቶችና ወንዶች እኩል ይሁኑ፤ ሴት ያላቀረበ ወረዳ ወንዱንም ቤቱ ያስቀምጥ ተባለ። ከወረዳው ሴቶች ማጣሪያውን ያለፈችው ደግሞ ፊሎሜን ብቻ ነበረች። ላንዲንግ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ማሳዋ ድረስ ሄደ።

ፊሎሜን ከእናቷና ከመንደሩ ሴቶች ጋር ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ የሩዝ ችግኝ ትተክላለች።

«ፊሉ፣ እህቴ፣ መቼ ነው ልምምድ የምትገቢው?»

«ዛሬ እህትህ ሆንኩ? ባንዲራ ያዥዋስ?»

«እሱማ ቀልድ ነው!»

«ይሁንልህ። ግን ይሄን ማሳ ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም፤ ዝናቡ እኔን አይጠብቅም። ቸኩለህ ከሆነ አንተው ትከልልኝ።»

ላንዲንግ ክው አለ። በነሱ አገር ወንድ ያርሳል፣ ሴት ትተክላለች፤ ችግኝ የጨበጠ ወንድ ታይቶ አይታወቅም። ጨዋታው ሊቀርበት መሆኑን ሲያስብ ግን ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ።

እየተከለ ወደ ፊት ገሰገሰ። ትንሽ እንደሄደ ከኋላው የሴቶቹ ሳቅ ፈነዳ። ዞር ሲል፣ የተከለውን ሁሉ ራሱ ረግጦታል።

«ኧረ የኋሊት ሂድ፣ አንተ ጎረምሳ!» አለች የፊሎሜን እናት፣ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች። «ሩዝ እንደ ትግል ወደ ፊት አይገፋም!»

የኋሊት እየሄደ ተከለ። በማግስቱም ተከለ። ሴቶቹ ስሙን ዘፈናቸው ውስጥ አስገብተው አቀለጡት። ማሳው ሲያልቅ ወገቡን ይዞ ዳር ላይ ተዘረረ። «ይሄን ሁሉ ሠርተው ነው እንዴ የሚታገሉት?» አለ ለራሱ፤ በዚያ ሁሉ ቀልዱም አፈረ።

በጨዋታው ላንዲንግ ገና በመጀመሪያው ግጥሚያ ተዘረረ። በጣም ከፋው፤ ፎጣ ተከናንቦ አለቀሰ። ፊሎሜን ግን የገጠሟትን ሁሉ እየጣለች የወርቅ ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ አጠለቀች። ያኔ ላንዲንግ ፎጣውን ጥሎ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። አንድ ጋዜጠኛ ጠጋ አለው።

«አሰልጣኟ ነህ?»

«አይደለሁም» አለ ላንዲንግ ደረቱን ነፍቶ። «ሩዟን የተከልኩላት እኔ ነኝ!»

«ለዚያውም አጣሞ!» አለች ፊሎሜን፣ ባንዲራውን ትከሻው ላይ ጣል እያደረገችለት።