አርባኛው ረድፍ

የሞተው ማሽን ፋይል ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲደርሳት ገናዧ ኮቷን እንኳ አላወለቀችም ነበር። ቆማ ከፈተችው። ስክሪኑ ላይ የረድፎቹ ስም እየተከታተለ ወረደ፤ የበሩ፣ የመብራቱ፣ የቁልፎቹ፣ የሚዛኑ። ዓይኗ አንዱንም ሳያይ አልፎ ከመጨረሻው፣ ከአርባኛው ረድፍ ላይ አረፈ። አለ። «ሞተር፤ ፍጥነት ቆጣሪ» ይላል። ከፊቱ አድራሻው፣ ከጎኑ ስፋቱ፣ ከሥሩ ደግሞ ማሽኑ ሲሞት በዚያ ቦታ የነበረው እያንዳንዱ ቁጥር አንድም ሳይጎድል ተደርድሯል። ወንበሩን በእግሯ ስባ ተቀመጠች።

«ገናዧ» የሚሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ የአሳንሰር መቆጣጠሪያ ሠርቶ ይሸጣል። የእሷ ሥራ፣ አንዱ መቆጣጠሪያ በሥራ ላይ እያለ ሲሞት የመጨረሻዋን ቅጽበት የያዘውን ፋይል ከፍታ ምን እንደገደለው መናገር ነው። ሬሳ ስታገላብጥ ስለምትውል ስሙ ወጣላት፤ እሷም አልጠላችውም።

የሥራው ደንብ ሲነግሩት ቀላል ነው። ከርነል የሚሉት የሥርዓቱ እምብርት ሲወድቅ ለኑዛዜ የሚተርፈው ጊዜ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አይሞላም። ቤት ሲቃጠል ዕቃውን ሁሉ ማውጣት እንደማይቻል፣ እሱም ማህደረ ትውስታውን በሙሉ ማትረፍ አይችልም። የሚያተርፈው አስቀድሞ የተመዘገበለትን ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ክፍል ሲሠራ «የኔ ቦታ ከዚህ እስከዚህ ነው» ብሎ ስሙን፣ መነሻውንና ስፋቱን ሠንጠረዡ ላይ ያስመዘግባል። ሠንጠረዡ አርባ ረድፍ አለው፤ አርባ አንደኛ የለም። ያልተመዘገበ ቦታ ማሽኑ ተነሥቶ ሥራ ሲጀምር ይደመሰሳል፤ ምን እንደነበረበት የሚመሰክር አይገኝም።

የሞተሩን ክፍል የጻፈው ዋና መሐንዲሱ ራሱ ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ግን አንድም ቀን አስመዝግቦት አያውቅም። «የኔ ሥራ ሬሳው አይመረመርም፤ አይሞትማ» ይላል እየሳቀ። ረድፉንም ለሌሎች ይለቅላቸዋል። እነሱም ቸርነት መስሏቸው ያመሰግኑታል። እንዲህ ሆኖ ሥራው በአንድም የሞት ፋይል ውስጥ ታይቶ ስለማያውቅ «አባ ንጹሕ» ተባለ፤ ቅጽል ስሙን ሲሰማ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም።

የዚያው መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበረው ታላቅ ወንድሟ ደግሞ የበሩን ክፍል ሲሠራ ያለችውን ጥቃቅን ነገር ሁሉ አስመዘገበ። ሞኝ ነበር፤ ወይም ቅን፤ በዚያ ቤት ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ አሳንሰር በሁለት ፎቆች መሃል እምብርቱ ወድቆ በድንገት ሲቆም አንድ ዕቃ ጫኝ እግሩ ተሰበረ። ፋይሉ ሲከፈት ሞተሩ የለም፤ በሩ ግን ከነገበናው ተዘርግቷል። እንከን የማይገኝበት ሥራ የት አለ? ፈለጉና አገኙ። አባ ንጹሕ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እንደ ልጄ ነበር የማየው፤ ግን ማስረጃው ይኸው» አለና ሪፖርቱ ላይ ፈረመ። ወንድሟ ተባረረ፤ የሙያ ፈቃዱንም ተነጠቀ። አሁን አንድ የገበያ ሕንፃ ደረጃ ሥር ቁጭ ብሎ የስልክ መስታወት ይቀይራል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አባ ንጹሕ እውነትም ረስቶታል፤ ጠዋት ኮሪደር ላይ ሲያገኛት «እንዴት አደርሽ፣ ወንድምሽስ ደህና ነው?» ይላታል። «ደህና ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ሰላምታውን በተቀበለች ቁጥር ቂሟ አንድ ቋጠሮ ይጨምራል። ጥርሷን ነክሳ የምሳ ሰዓቷን ለሞተሩ ኮድ ሰጠች፤ ሳንድዊቿን በአንድ እጇ እየገመጠች መስመር በመስመር አነበበችው። ወራት ፈጀባት። አገኘችው።

ፍጥነቱን የሚይዘውን ቁጥር አንደኛው የኮዱ ክፍል ጽፎ ሳይጨርስ ሌላው ያነበዋል። በመሃላቸው ጠባቂ የለም። ብዙውን ጊዜ ምንም አይሆንም። ከብዙ ሺህ ጉዞ አንዴ ግን ሁለቱ ይገጥሙና ግማሹ የቀድሞው፣ ግማሹ የአሁኑ የሆነ ቁጥር ይነበባል። አሳንሰሩ ቀስ ብሎ እየወረደ ሳለ ሞተሩ የሚበር መስሎት ፍሬኑን በሙሉ ኃይል ይይዛል፤ ተያይዞ እምብርቱ ይወድቃል። ወንድሟን ያባረረው ይኸው ነበር፤ ጀማሪ እንኳ የማይሠራው ስህተት።

ያን ቀን ተነሥታ ልትናገር ነበር። እስከ በሩ ደርሳ ቆመች። ብትናገር ምን ይሆናል? አባ ንጹሕ «ተባረኪ» ይላታል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያስተካክለዋል፤ ለማንም አይተነፍስም። ስህተቱ ይጠፋል፤ ወንድሟም እንደተኮነነ ይቀራል። «እንዲህማ አይሆንም» አለች ለራሷ። ተመልሳ ተቀመጠች። አርባኛው ረድፍ ለራሷ መሞከሪያ የያዘችው ነበር፤ አስለቀቀችውና የአባ ንጹሕን ሞተር አስመዘገበችበት። ደንቡ «ምክንያት» በሚለው ቦታ አንድ መስመር መጻፍ ስለሚያዝ ጻፈች። ያንን ቦታ አንብቦ የሚያውቅ ሰው የለምና እውነቱን ለመጻፍ አልፈራችም። ከዚያ አንድ አሳንሰር እስኪሞት ዘጠኝ ወር ጠበቀች።

ሁለት ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ጥግ ቆማ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ያዝኩት።»

«ምኑን?»

«ሞተሩን ነዋ። ፋይሉ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ግማሽ አሮጌ፣ ግማሽ አዲስ ቁጥር። ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ፤ ሁሉም ፊት እከፍተዋለሁ።»

ከበስተኋላው የገበያው ጫጫታ ይሰማል፤ አንድ ሰው «ስልኬ ደረሰ ወይ?» ይለዋል።

«የት ነው የወደቀው?» አለ በመጨረሻ።

«አንድ ክሊኒክ ውስጥ፤ ስምንት ፎቅ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ።»

«ሰው ነበረበት?»

«አንዲት የጽዳት ሠራተኛ። ወድቃ ወገቧን ተመታች አሉ። ደህና ትሆናለች።»

«ትሆናለች ነው ወይስ ናት?»

ተናደደች። ስንት ዘመን እሷ የእሱን ስም ተሸክማ ስትብሰለሰል፣ እሱ እቴ፣ ስለማያውቃት ሴት ወገብ ይጠይቃታል። «እኔ ስላንተ ነው የማወራህ፣ ጋሼ» አለችው። «ስምህ ሊመለስ ነው።»

«ገባኝ፣ እህቴ። በርቺ» አለና ሰው መጥቶብኛል ብሎ ዘጋው። ደስ ያለው አይመስልም ነበር። ከደስታ ብዛት ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

የስብሰባው ክፍል በር ላይ የአሳንሰር በሩን ሥራ ከወንድሟ የተረከበው ባለሙያ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ቢሆንም መቀለዱን አልተወም። «ገናዧ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትቀብሪ ነው? እኔን ከሆነ ለሚስቴ ልደውልላት።»

«ግባና ተቀመጥ፤ ያንተ ተራ አይደለም» አለችው።

በረጅሙ ጠረጴዛ ራስጌ ሥራ አስኪያጇ መነጽራቸውን እየጠረጉ ተቀምጠዋል። ከክሊኒኩ አስተዳዳሪው መጥቷል። ከአጠገቡ ግራጫ ሹራብ የለበሰች ልጅ እግር ሴት አለች፤ የተጎጂዋ ልጅ ናት፣ እናቴን ምን እንዳገኛት ከሠሪዎቹ አፍ ልስማ ብላ ነው ተባለ። ገናዧ አንዴ አየቻትና ገመዱን ከኮምፒውተሯ ጋር ማገናኘት ጀመረች። አባ ንጹሕ መጨረሻ ገባ። ሁሉንም በእጁ ሰላም አለ፤ ልጅቷንም «እግዚአብሔር ይማርልሽ» አላት። ከዚያ እጁን አፋተገ።

«እንግዲህ፣ እንደተለመደው ከበሩ እንጀምራ» አለ።

ባለሙያው አንገቱን ደፋ። ገናዧ ይህችን ዓረፍተ ነገር በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ክፍል፣ ወንድሟ ላይ ስትነገር ሰምታታለች። ያኔ ከጥግ ተቀምጣ ምንም አላለችም፤ የምትለው አልነበራትም።

«ዛሬ ከበሩ አንጀምርም» አለች። «ከሞተሩ ነው።»

«ሞተሩ ፋይል ውስጥ የለም እኮ» አለ ፈገግ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያርም ሰው።

«አለ።»

ግድግዳው ላይ አሳየችው። ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ ባለቤቱ ረስቶት የሄደ ይመስል ለጥቂት ጊዜ ፊቱ ላይ ቀረ። እሷ አልቸኮለችም። ቁጥሩን በጠቋሚው ከበበችው። ይኼ ግማሽ ከዚህ መጣ፣ ያኛው ግማሽ ከዚያ፤ ሲገጣጠሙ የሐሰት ፍጥነት፤ ከዚያ ፍሬኑ፤ ከዚያ ሞት። እየተናገረች ዓይኖቿን ከአባ ንጹሕ አንገት አላነሣችም፤ ከኮሌታው በላይ እየቀላ ሲሄድ አየችና አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ለዚህች ደቂቃ ስትል ስንት «እንዴት አደርሽ» ውጣለች።

«ይህ ክፍል የማን ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጇ፣ እያወቁት።

«የኔ ነው» አለ አባ ንጹሕ። አልካደም፤ ይህንን እንኳ አልጠበቀችም ነበር።

«የዛሬ ሦስት ዓመቱስ?»

«ያኔ ሞተሩ አልተመዘገበም» አለች ገናዧ። «ስላልተመዘገበ የለም ተባለ። ወንድሜ ሁሉን አስመዝግቦ ስለነበር እሱ ተገኘ። አወዳደቁ ግን ከዚህኛው ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጬላችኋለሁ።»

ሥራ አስኪያጇ ሁለቱን ፋይሎች ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። የድሮው ሪፖርት እንደገና ይከፈታል አሉ። ዋና መሐንዲሱም ዛሬውኑ ሥራውን ያስረክባል አሉ። የበሩ ባለሙያ ከጠዋት ጀምሮ ይዞት የቆየውን ትንፋሽ ለቀቀው። አልቋል። ገናዧ አባ ንጹሕ እንዲለማመጥ ጠበቀች፤ ቢለማመጥ ምን እንደምትለው ካሰበችበት ቆይታለች። እሱ ግን አልተለማመጠም። ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ቀረበና አርባኛውን ረድፍ በጣቱ እየተከተለ ያነብ ጀመር። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ ከረድፉ ጫፍ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ሌላ ሁለት ነገር ተጽፏል።

«መቼ ነው ያስመዘገብሽው?» አለ።

«ምን ለውጥ ያመጣል?»

«ቀኑ እዚሁ አለ። ዘጠኝ ወሩ ነው።» ከዚያ ምክንያቱን ጮክ ብሎ አነበበው። «‹የፍጥነት ቆጣሪው ሊበላሽና አሳንሰሩን በድንገት ሊያስቆም ስለሚችል።›» ወደ እሷ ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። «ብትነግሪኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «ለዚህ ነው ያልነገርኩዎት።»

ይህችን መልስ ለእሱ ብቻ ነበር ያዘጋጀቻት፤ ደግሞም በትክክል ተወረወረች። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሰዎች መኖራቸው ትዝ ያላት ሥራ አስኪያጇ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ነው። የበሩ ባለሙያ እንኳ፣ ያዳነችው ሰው፣ ዓይኑን ከእሷ አሸሸ።

«ይቅርታ» አለች ግራጫ ሹራብ የለበሰችው። እስከዚያች ሰዓት አልተናገረችም ነበር። «የእናንተ ነገር ብዙ አይገባኝም። ይህ አሳንሰር ችግር እንዳለው፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

ገናዧ አፏን ከፈተች። ስለ ወንድሟ ልትነግራት ፈለገች፤ ስለ ደረጃው ሥር፣ ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ሦስቱ ዓመታት። ሁሉም እውነት ነበር፤ አንዱም ግን ለዚህች ሴት ጥያቄ መልስ አልሆን አላት።

«አውቅ ነበር» አለች።

«እናቴ በቀን አሥር ጊዜ ትመላለስበታለች» አለች ልጅቷ። «ባልዲዋን ይዛ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ መቆሟን እንጃ ብለዋል።»

አላለቀሰችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ዝም ብላ አየቻት። ገናዧ ያንን አስተያየት አሳምራ ታውቀዋለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በየኮሪደሩ አባ ንጹሕን ያየችው በእሱ ነው። ልጅቷ ከቦርሳዋ ትንሽ ደብተር አወጣች። ባዶ ገጽ እስክታገኝ ገለበጠችና ጠረጴዛው ላይ አስተካክላ ዘረጋችው።

«ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» አለች።

ገናዧ ስሟን ተናገረች። ልጅቷ ጽፋ ቀና አለች። የአባቷ ስም ቀረ፤ ከወንድሟ ጋር የሚጋሩት፣ በድሮው ሪፖርት ላይ የሰፈረው፣ ዛሬ ልታነጻው ይዛው የገባችው ስም። ልጅቷ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈች ትጠብቃለች።