ሁለተኛው ቁራጭ

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሐኪሟ ዐይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳትነቅል በግራ እጇ ዳብሳ ድምፅ ማጉያውን ተጫነችው።

"እህ?" አለ የወንድሟ ድምፅ፣ ከላይ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ። "ሰውዬው ሆዱ ተከፍቶ እየጠበቀሽ ነው።"

"እያየሁ ነው።"

"ማየቱንማ ስታዪ ቆየሽ። ካንሰር ነው፣ አይደለም? አንድ ቃል ነው የምፈልገው።"

እሷም ያጣችው ያንኑ አንድ ቃል ነበር።

ኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ላይ የተኛው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው። ዐይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሱሪው አልጠብቅ ብሎት ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ አስበስቶ ነበር የመጣው። ሲመረመር ቆሽቱ ራስ ላይ እብጠት ተገኘ። እብጠቱ ካንሰር ከሆነ የቆሽቱ ራስ፣ የሐሞት ከረጢቱና የትንሹ አንጀት መጀመሪያ አንድ ላይ ይወጣሉ፤ የቀረው ተቀጣጥሎ ይሰፋል። ከእንዲህ ዓይነቱ ቀዶ ጥገና ሳይነሳ የሚቀር አለ። ካንሰር ካልሆነ፣ ቆሽቱ ሲቆስልና ሲድን ኖሮ ጠጥሮ ከሆነ ግን፣ ለሐሞቱ መውረጃ ተበጅቶለት ሆዱ ይዘጋል። ሁለቱን የምትለየው ምድር ቤት ወደምትገኘው ወደዚህች ጠባብ ክፍል የተላከችው፣ በረዶ ሆና የተከተፈችው፣ የምስር ፍሬ የማታክል ሥጋ ናት።

ጤነኛ ቆሽት በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ደስ ይላል። ምግብ የሚፈጨውን ጭማቂ የሚሠሩት ሕዋሳት እንደ ወይን ዘለላ ተቃቅፈው ይቀመጣሉ፤ ከሥራቸው ሐምራዊ፣ ከአናታቸው ቀላ ያሉ። ከየዘለላው ቀጭን ቱቦ ይወጣና ከጎረቤቱ ቱቦ ጋር ይገናኛል። በመሃል በመሃሉ ደግሞ የደምን ስኳር የሚቆጣጠሩ፣ ፈዘዝ ያሉ ትናንሽ ደሴቶች አሉ። እዚህች ቁራጭ ውስጥ ግን ዘለላዎቹ ረግፈዋል። የሞላው ጠባሳ ነው፤ በጠባሳው መሃል ጥቂት የተጨፈለቁ ቱቦዎች ይታያሉ። ካንሰር የያዛቸው ይሁኑ የተጎዱ ብቻ፣ መለየት አልቻለችም። የተጎዳ ሕዋስም ሲጨንቀው መልኩ ይከፋል።

"አላውቅም" አለች።



"አላውቅም ማለት ምን ማለት ነው?"

"የበዛው ጠባሳ ነው። ሌላ ቁራጭ ላክልኝ። ከመሃሉ፣ ጠለቅ ብለህ።"

"ሚጢጢ፣ ስሚኝ። እጄ ላይ ያለው ድንጋይ ነው። ይህን ነገር ስዳስስ ነው ያረጀሁት።"

"እጅህን አምነዋለሁ። ግን በአንተ እጅ ሪፖርት አልጽፍም።"

"ቆሽት እኮ ነው። በነካሁት ቁጥር ይደማል። የሰውዬው አንሶ የእኔንም ቆሽት አታሳርሪው እንጂ።"

ሌላ ቀን ቢሆን ነርሶቹ በሳቁ ነበር። ዛሬ ማንም አልሳቀም።

አባታቸው ሲሞት እሷ ገና ፊደል አልለየችም ነበር። ያሳደጋት ወንድሟ ነው። ጫማዋን እየለካ የገዛላት፣ የማባዛት ሠንጠረዥ እያስጠና ያስለቀሳት፣ ሕክምና ትምህርት ቤት ስትገባ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራላት እሱ ነው። ፓቶሎጂ፣ በሽታ በማይክሮስኮፕ የሚለይበትን ሙያ፣ መምረጧን የነገረችው ዕለት ግን፣ "ሐሞት የለሽም፤ መስታወት ጀርባ ልትደበቂ ነው" ብሎ ሳቀባት። ሳቁ ቀልድ ነበር፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁራታል። ቤት ውስጥ ወንድም ጋሼ ትለዋለች። ሥራ ቦታ ዶክተር ነው።

"ዶክተር፣ ሌላ ቁራጭ እፈልጋለሁ" አለች።

ስልኩ ተዘጋ።

ሁለተኛው ቁራጭ ቶሎ አልመጣም። ሲመጣም ያመጣችው ነርስ የጫማ ሽፋኗ ላይ ደም ነበረበት።

"ከተቆረጠበት ቦታ ደም ፈንድቶ" አለች እያለከለከች። "ግፊቱ ወርዶ ነበር። ደም እየሰጡት ነው።"

የላቦራቶሪ ቴክኒሻኗ ቁራጩን አቀዝቅዛ፣ ከትፋ፣ ቀለም እስክታስነክረው ድረስ ሐኪሟ እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል አድርጋ ተቀመጠች። ስላይዱ ሲደርሳት ብዙ መፈለግ አላስፈለጋትም። አንዲት ወፍራም ነርቭ ላይ፣ ሐረግ አጥር ላይ እንደሚጠመጠም፣ የዕጢ ሕዋሳት ዙሪያዋን ተጠምጥመውባታል። ጤነኛ ቱቦ እዚያ ምን ሊሠራ ይገባል?

"ካንሰር ነው" አለች በስልኩ። "ነርቭ ከቧል።"

"እና ይህን ለመስማት ነው ያን ሁሉ ደም ያፈሰስነው?" አለ ወንድሟ። ድምፁን አላሳደገም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

ስልኩ ሲዘጋ ቴክኒሻኗ መስታወቶቹን እያነሳች፣ "ዶክተር፣ ባይጠይቁ ኖሮ እኮ በግምት ነበር የሚሆነው" አለቻት።

"ለሹፌሩ ምን ይጠቅመዋል ታዲያ? ያው ሆነ።"

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አልገፋ አላት። የሌላ ሰው የጨጓራ ስላይድ አውጥታ ማየት ጀመረች፤ ያየችው ግን አንጎሏ ውስጥ አልገባም። ኮቴ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች፤ 'ሞተ' ሊሏት የመጡ ይመስላታል። በመጨረሻ በር ተንኳኩቶ የተቆረጠው ቆሽት ጠርዝ መጣ። እዚያ ጠርዝ ላይ ካንሰር ካለ፣ ሆዱ ውስጥ የቀረ አለ ማለት ነው።

ስላይዱ ተሠርቶ ደርሷት ገና ማይክሮስኮፑ ላይ ሳታስቀምጠው ስልኩ ጮኸ።

"ንጹሕ ነው በይኝና ልስፋው" አለ ወንድሟ። ድምፁ ደክሟል። "ሰውዬው ከዚህ በላይ አይችልም።"

"ቆይ።"

የወይን ዘለላዎቹ ተደርድረዋል፤ ደሴቶቹም በየቦታቸው አሉ። 'ንጹሕ ነው' የሚለው ቃል አፏ ላይ ደረሰ። ዳር ዳሩን ለማየት ስላይዱን ገፋ ስታደርገው ግን፣ ጠርዙን ለመለየት የተቀባው ጥቁር ቀለም አጠገብ፣ ከዘለላዎቹ የተነጠሉ ጥቂት ቱቦዎች አየች። የአንዱ ግድግዳ ግማሹ የለም። አንዱ የሕዋስ አስኳል ከጎረቤቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ጠባሳ ቢሆንስ? ቅድም አስደምታዋለች። አሁንም አስቆርጣ ቢሞትባትስ? በስልኩ ውስጥ ወንድሟ ሲተነፍስ ይሰማታል።

"ጨምረሽ ክተፊልኝ" አለች ቴክኒሻኗን በሹክሹክታ። በአዲሱ ክታፊም ላይ ቱቦዎቹ እዚያው ነበሩ።

"ንጹሕ አይደለም።"

"ምን አልሽ?"

"ጠርዙ ላይ አለ። ቀጭን ቁራጭ ቆርጠህ ጨምርልኝ።"

"ከዚህ በላይ ከቆረጥኩ ስኳሩን መቆጣጠር ሊያቅተው ይችላል። ደሙንም አይተሻል። እርግጠኛ ነሽ?"

"በዚህኛው እርግጠኛ ነኝ።"

"ቅድምም እንዲሁ ነበር ያልሽው።"

"ቅድም ያልኩህ አላውቅም ነው" አለች። "ወንድም ጋሼ፣ ቅድም ስላስደማሁት ብዬ አሁን ልዋሽልህ?"

ቴክኒሻኗ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ሐኪሟ፣ ወንድሟ ከስልኩ ራቅ ብሎ፣ "ምላጭ ስጪኝ" ሲል ሰማችው።

አዲሱን ጠርዝ ከጥግ እስከ ጥግ አየችው። መልሳ አየችው። ከዚያም፣ "ንጹሕ ነው። ስፋው" አለች፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታ ግድግዳውን ተደገፈች።

ወንድሟ ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ይደውላል እንጂ። ያን ቀን ግን የማስኩ ምልክት አፍንጫው ላይ እንደታተመ በሩን ገፍቶ ገባ።

"ተርፏል?" አለችው።

"እስካሁን ተርፏል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቷል። የሚያልፍ ይመስለኛል።" ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። "እስቲ አሳዪኝ።"

ስላይዱን አስተካከለችለት። አጎንብሶ ብዙ ቆየ።

"ለእኔ ሁሉም ሐምራዊ ነው" አለ በመጨረሻ።

ሳቋ ሳታስበው አመለጣት። እሱም ፈገግ ብሎ ዐይኑን አሸት አሸት አደረገና ተነሳ።

"ሚስቱን ላናግራት ነው። ደሙን ከጠየቀችኝ፣ በቀዶ ጥገና የሚያጋጥም ነገር ነው እላታለሁ። ያንቺ ስም አይነሳም።"

ሐኪሟ ጋውኗን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችው።

"አብሬህ እወጣለሁ።"

"ሄደሽ ምን ልትያት?"

"ሁለተኛውን ቁራጭ የጠየቅኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ለምን እንደጠየቅኩም።"

"ልትጮህብሽ ትችላለች። አንቺ ደግሞ ይህን አለመድሽም።"

"ትጩህ።"

ደረጃውን ቀድማው ወጣች። የሹፌሩ ሚስት ኮሪደሩ ላይ የባሏን ጫማ በፌስታል ይዛ ቆማ ነበር። የሐኪሟን ወንድም ስታይ ከእሱ ላይ ዐይኗን አላነሳችም። ሐኪሟ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ ጠረገችላት።

"ባለቤትዎ በሕይወት አሉ" አለች። "ይቀመጡ፤ የሆነውን ሁሉ እኔ እነግርዎታለሁ።"